የቦርጭ ፕሮጀክት፦ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ማግስት

ጥር 12 ቀን 2017

ትናንት ለጥምቀት ያወጣሁት የሀበሻ ሸሚዝ አልቆለፍ አለኝ። አምና ልክ ነበር። ባለቤቴ "ነጠላህን ጣል አድርግበት፣ ማን ያይሃል" አለችኝ፤ ጣል አድርጌ ጃንሜዳ ሄድኩ። ፎቶው ሲመጣ ነጠላው ምንም አልደበቀም።

38 ዓመቴ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ገርጂ፣ ቢሮዬ ሜክሲኮ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ቁጭ፣ ቢሮ ቁጭ፣ ምሳ ላይ ቁጭ፣ ማታ ታክሲ ውስጥ ቁጭ፣ ቤት ስገባ ደግሞ ደክሞኛል ብዬ ሶፋ ላይ ቁጭ። ምን ሠርተህ ደከመህ ብባል መልስ የለኝም። የሰው ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ የምቆጥር ሰውዬ የራሴን ሆድ በግምት ነው የያዝኩት። ስለዚህ ዛሬ ለቦርጬም ደብተር ከፈትኩለት።

ጥር 14

ሳልበላ ክሊኒክ ሄድኩ። መነሻ ሒሳብ ይኸው፦ ክብደት 88.4 ኪሎ፣ ቁመት 1.72 ሜትር፣ ወገብ 104 ሳንቲሜትር፣ ደም ግፊት 138 በ88፣ በባዶ ሆድ ስኳር 112።

ዶክተሯ በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። አላስፈራራችኝም፣ ግን አላባበለችኝምም። ስኳሩ ከ100 በታች ቢሆን ጥሩ ነበር፣ 126 ሲገባ በሽታ ይባላል፣ አንተ መሃል ላይ ነህ አለችኝ። ወገብን በተመለከተ ለወንድ ከ94 ጀምሮ ስጋት ነው፣ ከ102 ካለፈ ደግሞ ስጋቱ ከፍ ይላል። እኔ 104። "ከሚዛኑ ይልቅ ሜትሩን እመን፣ የሆድ ስብ ነው ጉበትህንና ልብህን የሚያስቸግረው" ብላኝ አሰናበተችኝ። የሰጠችኝ ትእዛዝ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በዚያ ላይ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር፣ ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ምርመራ። ፈጠን ያለ ማለት ስትራመድ ማውራት ትችላለህ፣ መዝፈን ግን አትችልም።

ማታ አዲስ የተከፈተው 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ላይ በማርከር "ጥር 14" ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ግን ብዙ ይናገራል።

ጥር 21

ሳምንቱን ምንም ሳልቀይር ዝም ብዬ መዘገብኩ። ይህን ለሁሉም እመክራለሁ፤ መጀመሪያ ሳይነኩ መቁጠር ነው።

የስልኬ ቆጣሪ በቀን በአማካይ 3,100 እርምጃ ይላል። ያችም ብትሆን ግማሿ ከወረፋ ወደ ታክሲ ናት።

ዋናው ጉድ ያለው ስኳሩ ላይ ነው። በቀን ሁለት ማኪያቶ፣ ሦስት ሻይ። እያንዳንዱ ላይ ሦስት ማንኪያ። 15 ማንኪያ መሆኑ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቼ ስለካው አንዷ የሻይ ማንኪያ ስትስተካከል 4 ግራም ትይዛለች፣ ስለዚህ 60 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ጣሪያው 50 ግራም ነው ይላል፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 እንዳያልፍ። እኔ ያለፍኩት ገና ለስላሳ ሳልጠጣ ነው።

ሌላ ያየሁት ነገር አለ። ከእነዚያ አምስት መጠጦች አራቱ ከሰው ጋር የተጠጡ ናቸው። ብቻዬን የምጠጣው የጠዋቱን ሻይ ብቻ ነው። ምሳ ላይም እንደዚያው፤ ሁለተኛውን እንጀራ እኔ አላዝዝም፣ "ጨምሪልን" የሚል ሰው ከጠረጴዛው አይጠፋም፣ ከመጣ ደግሞ ይበላል። ይህን ከስሩ አስምሬበታለሁ።

የካቲት 3

ጂም ተመዝግቤ ነበር፣ ያውም የሦስት ወር ከፍዬ። በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ ሄድኩ። አንዴ የወር መዝጊያ ያዘኝ፣ አንዴ ታክሲ ወረፋ ላይ መሸ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ (እውነቱን ልጻፍ እንጂ) ቦርሳዬን ይዤ በሩ ድረስ ሄጄ የሚያነሡትን ወጣቶች አይቼ ተመለስኩ። ለጂም የተፈጠረ ሰው ይጠቀምበት። የእኔ ገንዘብ ግን የማይመለስ ወጪ ተብሎ ተመዝግቧል።

ይልቅ ትናንት አንድ ነገር ሞከርኩ። ማታ ላይ ታክሲው ቆሞ ቀረብኝና ተናድጄ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሳልናደድ መስቀል አደባባይ ላይ "ወራጅ አለ" አልኩ። ከዚያ በለገሃር አድርጎ እስከ ሜክሲኮ ቢሮዬ 2,600 እርምጃ፣ 24 ደቂቃ። ታክሲው ውስጥ ብቆይ ኖሮ በዚያ ሰዓት መንገዱ ሲዘጋጋ ከዚያ ብዙም ባልቀደምኩ።

ሒሳቡን ሠራሁት። ጠዋት ብቻ በሳምንት አምስት ቀን 120 ደቂቃ። ማታም ከጨመርኩ 240። የዶክተሯ 150 ያለምንም ጂም፣ ያለምንም ቱታ፣ ለራሱ የተለየ ሰዓት ሳይቆረጥለት ተሞላ። ማድረግ ያለብኝ ጫማ መቀየር ነው። የቆዳ ጫማዬ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

10,000 እርምጃ የሚባለውን ትቼዋለሁ። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ የእርምጃ ቆጣሪ ስም የመጣ ነው፤ የመሣሪያው ስም ራሱ "10,000 እርምጃ ቆጣሪ" ማለት ነበር። ለማስታወቂያ የሚመች ቁጥር ነው። ከ3,100 ለሚነሣ ሰው 7,000 ትልቅ ነገር ነው።

የካቲት 9

ጄሪካኑ አለቀ። 25 ቀን ቆየ።

5 ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለ25 ቀን ሲካፈል 184 ግራም፣ ለአራት ሰው ሲካፈል 46 ግራም። ከአራቱ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው፣ ስለዚህ የእኔ ድርሻ ከዚያ ይበልጣል፣ ግን በ46 እንሂድ። የዘይት አንድ ግራም 9 ካሎሪ ነው። 414 ካሎሪ በየቀኑ፣ ሳይታይ፣ ወጥ ውስጥ ተደብቆ። እኔ ደግሞ እንጀራውን ነበር የምጠረጥረው።

ወረቀቱን ለባለቤቴ አሳየኋት። "ምግቤ አይጣፍጥም ልትለኝ ነው?" አለች። አይደለም። ትንሽ ተኳረፍን፣ ከዚያ እሷው ራሷ መፍትሔውን አመጣች፤ እናቷ ሽንኩርቱን በደረቁ ነበር የሚያቁላሉት። ዘይት ሳይገባ፣ በዝግ እሳት፣ ሲይዝ ጠብታ ውኃ እያስነኩ፣ ሽንኩርቱ ወርዶ ሲበስል ነው ዘይት የሚገባው። ያኔ ትንሽ ይበቃል። እኛ ቤት ቁሌቱ የሚጀመረው ዘይቱን ገልብጦ ስለነበር ሽንኩርቱ ይጠበስ ነበር እንጂ አይቁላላም። ሁለተኛውን ጄሪካን "የካቲት 9" ብላ የጻፈችው እሷ ናት።

ክብደት 87.1።

የካቲት 11

ይህን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፉ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ሰኞ 4 ሰዓት ተኩል ላይ እንደልማዳችን አምስት ሆነን ካፌ ወረድን። ማኪያቶዬ መጣ። ስኳር አልጨመርኩም። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም፦ "ምነው? ታመምክ እንዴ?" ደህና ነኝ። "ስኳር ያዘህ?" አልያዘኝም። "ታዲያ ምን ሆነህ ነው?" አንዱ አጎቱ እንዴት በስኳር እግራቸው እንደተቆረጠ ተረከ፣ ሌላዋ የጥቁር አዝሙድ መድኃኒት ነገረችኝ፣ ሦስተኛው "ተወው፣ ሰው በቀኑ ነው የሚሞተው" ብሎ ራሱ ሦስት ማንኪያ አድርጎ አማሰለልኝ። ጠጣሁት። ምን ላድርግ።

ምን እንደሚያወፍር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አስቀድሜም አውቅ ነበር። የቸገረኝ ሰው ፊት እንቢ ማለት ነው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ካሎሪ አለው። ስለዚህ ዕቅዱን ገለበጥኩት፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንንም እንቢ የማያስብሉኝን ለውጦች ብቻ ነው የማደርገው።

አንደኛ፣ ስኳሩን በሳምንት በግማሽ ማንኪያ ብቻ እቀንሳለሁ። ባዶ ስኒ ሁሉም ያያል፣ ግማሽ ማንኪያ ግን ማንም አይቆጥርም። ሁለተኛ፣ ከካፌ ይልቅ ከህንፃችን ጀርባ ያለችው ጀበና ቡና ጋ እንሂድ እላለሁ። ሲኒዋ ትንሽ ናት፣ አንድ ማንኪያ ይበቃታል፣ ወተት የለም፣ ኬክ የለም፣ ደግሞም ጀበና ቡና ጠጣ ብሎ "ታመምክ እንዴ" የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ሦስተኛ፣ ምሳ ዕቃ።

የካቲት 16 (የሁዳዴ ዋዜማ)

የምሳ ዕቃው ነገር እንዳሰብኩት አልሆነም። እኛ ቢሮ ምሳ ዕቃ ያመጣ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አብሮ ነው የሚበላው። የራሴን ለክቼ ቋጥሬ ሄጄ የስድስት ሰው ወጥ ቀመስኩ፣ ከዚያም "አንድ ያጣላል" ተብሎ ሁለት አጎረሱኝ።

አሁን የያዝኩት ዘዴ ይህ ነው፦ እኔ የማመጣው ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር ነው፣ በትልቁ። መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ሁሉም ያነሣል፣ እኔም ብዙውን ከእሱ እበላለሁ። ስስታም አልተባልኩም፣ እንዲያውም "የእሱ ጎመን" ተብሎ ይጠበቃል።

እንጀራ መዘንኩ። የእኛ ቤት አንድ ሙሉ እንጀራ 330 ግራም። ወደ 500 ካሎሪ ይጠጋል። ጤፉ ጥፋት የለበትም፣ ብረትም ካልሲየምም አሰርም አለው፤ ግን ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ለምሳ ሁለት እንጀራ የገበሬ ምግብ ነው፣ ያለ እርሻው። አንድ ሆኗል።

ክብደት 86.6። ነገ ጾም ይገባል፣ እንግዲህ በራሱ ይቀንሳል ብዬ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ።

የካቲት 23

የዓድዋ ቀን ነው፣ እሑድ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በማለዳ እንጦጦ ወጣን። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ጫፉ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ማውራትም አልቻልኩም። ትንፋሼ የተመለሰው ስንወርድ ነው። አንዲት ሴትዮ ደርዘን የሚሆን እንጨት ተሸክመው በአጠገባችን አለፉና "አይዞህ ልጄ" አሉኝ። መልስ አልሰጠሁም፣ አየር አልነበረኝም።

መጋቢት 1

87.3። ጾሙ ከገባ በሁለት ሳምንት 0.7 ኪሎ ጨመርኩ!

ደብተሩን ገለጥኩት። እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፣ ከዚያ ሆዴ ባዶውን ስለዋለ ከቢሮው በር ላይ ሁለት ሳንቡሳ፣ በሻይ። ሻዩ ላይ ስኳሩ ተመልሷል። ወደ ቤት ሳልፍ እርጥብ፣ ያውም ድንች በዘይት ተጠብሶ በዳቦ ውስጥ። ማታ ደግሞ በያይነቱ። ሥጋና ቅቤ አልነካሁም፣ ያ እውነት ነው። ግን ዘይት፣ ዳቦና ስኳር ሁሉም የጾም ናቸው። ጾም ለሌላ ነገር የተሠራ ነው፣ ቦርጬን እሱ ላይ መጫኔ ጥፋቱ የኔ ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። 9 ሰዓት ላይ የሚበላውን ጠዋት ይዤ እወጣለሁ፦ ሽሮ ወይም ምስር፣ ጎመን፣ አንድ እንጀራ። ጥራጥሬው ያጠግባል፣ እስከ ማታ ያደርሳል። ቸኩዬ ከወጣሁ በሶ በውኃ በጥብጬ። መሳቢያዬ ውስጥ ደግሞ የገብስና የሽምብራ ቆሎ አለ፣ ከቆዳ ጫማው አጠገብ (በላስቲክ ነው፣ አትጨነቁ)።

ለዶክተሯ በስልክ ነገርኳት። ጥሩ ነው አለች፣ ግን "የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ብትሆን ኖሮ ሳታማክረኝ እስከ 9 ሰዓት እንዳትጾም ነበር የምልህ" አለችኝ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ካነበበ ይያዝልኝ።

ጾሙ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ሰጥቶኛል። ማኪያቶ፣ ኬክ፣ የልደት ክሬም፣ ዓርብ ማታ ክትፎ፣ ሁሉንም "ጾም ነው" ስል ማንም ለምን አይልም። ሁለት ቃል። ይሉኝታን የሚያሸንፍ ነገር ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

መጋቢት 4

ትናንት ማታ የቻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምራል፣ 7 ሰዓት ያልቃል፣ ከዳቦ ቆሎ ጋር። አምስት ሰዓት እንኳ ሳልተኛ ተነሣሁ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ነገር ብቻ ነው ያማረኝ። እንቅልፍ ያጣ ቀን ሆዴ የእኔ አይደለም። ጨዋታው ይቀራል ማለቴ አይደለም። ዳቦ ቆሎው ግን ይቀራል።

መጋቢት 17

ሁለተኛው ጄሪካን ዛሬ አለቀ። 38 ቀን! ለአንድ ሰው 46 የነበረው ወደ 30 ግራም ወርዷል። በጾም መሃል ነው ይህ የሆነው፣ ዘይት በሚበዛበት ሰሞን። ባለቤቴ ሦስተኛውን ስትከፍት ፈገግ አለች።

ጡንቻውን ረስቼው ነበር፣ ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት ቤት ጀመርኩ። ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ፣ 15 ደቂቃ። ቁጭ ብድግ 12፣ ሦስት ዙር። ፑሽ አፕ መሬት ላይ ስላቃተኝ ጠረጴዛ ጫፍ ይዤ ጀመርኩ፣ አሁን ወደ ሶፋው ወርጃለሁ። 5 ሊትር ሃይላንድ በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ ብዬ ወደ ሆዴ መሳብ። ቆጣሪው የስድስት ዓመቱ ልጄ ነው፤ ከ8 ወደ 10 ይዘላል፣ እኔም አላርመውም።

ቢሮ ውስጥ በየሰዓቱ ተነሣ የሚል ማንቂያ ስልኬ ላይ ሞልቼ ነበር። ሦስት ቀን ሠራ፣ ከዚያ ጆሮዬ ለመደው። የሠራልኝ የውኃ ጠርሙሴን ማሳነስ ነው። ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ታልቃለች፣ መሙያው ደግሞ ኮሪደሩ ጫፍ ነው። ስልክ ሲደወል ቆሜ አነሣለሁ። ሊፍቱንም ትቻለሁ፣ ቢሮዬ ስድስተኛ ፎቅ ነው። የህንፃው ጥበቃ ጋሼ መጀመሪያ ቀን ደረጃ ስወጣ አይተው "ሊፍቱ ተበላሸ እንዴ?" ብለው ለማረጋገጥ ሄደው ቁልፉን ነክተዋል።

መጋቢት 29

የወር መዝጊያ። አራት ቀን በእግር አልሄድኩም፣ እራት 4 ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ፣ ሁለቴ እርጥብ። ይመዝገብና ይለፍ። ድሮ ቢሆን "ተበላሸ" ብዬ ሙሉ በሙሉ እተወው ነበር። ለአንድ የተሳሳተ ደረሰኝ ብሎ መዝገቡን በሙሉ የሚቀድ ሒሳብ ሠራተኛ አላየሁም።

ሚያዝያ 11 (ቅዳም ሥዑር)

83.9። የጥምቀቱን ሸሚዝ አወጣሁት። ቆለፈ። ቁጭ ስል ትንሽ ይጨንቃል፣ ስለዚህ ነገ ቆሜ እውላለሁ።

ሚያዝያ 14

85.0። በሦስት ቀን 1.1 ኪሎ። እናቴ ቤት ነበርን። "ከሳህ ልጄ፣ ምን አገኘህ?" ብላ ነው የጀመረችው፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት ይቻላል። ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ጠላው። እናት ፊት እንቢ የሚባልበት ዘዴ የለኝም፣ ልፈልግም አላሰብኩም። ደግሞ ይህ ሁሉ ስብ አይደለም፤ ከጨውና ከምግቡ ጋር የተያዘ ውኃ ነው አብዛኛው።

ሚያዝያ 22

ክሊኒክ። ደም ግፊት 129 በ82። ስኳር 103። ወገብ 98። ዶክተሯ ሜትሩን ሁለት ጊዜ አዞረችው። "ከ94 በታች ስትሆን እንጨባበጣለን" አለች። በ6 ወር ተመለስ።

ሚያዝያ 26

ከትናንት በስቲያ ሚዛን ላይ 83.8። በ100 ቀን 4.6 ኪሎ። ሒሳቡን ልዝጋ ብዬ ተቀመጥኩ።

አንድ ኪሎ ስብ በግርድፉ 7,700 ካሎሪ ይባላል። 4.6 ሲባዛ 35,420፣ ለ100 ቀን 354 በቀን። በሌላ በኩል የቀነስኩት፦ ከዘይት 140፣ ከስኳር 160 (አሁን በቀን አምስት ማንኪያ ነኝ)፣ የእግር መንገዱ በሳምንት ሲካፈል በቀን 140 ገደማ። ድምር 440። ሁለቱ አይታረቁም። በየቀኑ ወደ 90 ካሎሪ የሚጠጋ፣ ወጪ ያልተመዘገበለት ነገር አለ። የአንድ ሰሞን ጉርሻ ይሆናል ብዬ ጻፍኩ።

ሦስተኛው ጄሪካን ዛሬ አልቋል፣ 39 ቀን። ሪከርድ ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ የጎደለውን 90 ካሎሪም ነገርኳት። ደብተሩን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ዘይቱን ጽፈሃል፣ ስኳሩን ጽፈሃል" አለች። "ከፋሲካ ወዲህ ያለቀው ቅቤ የቱ ጋ ነው?"